ከስልሳው ቀን ስድስቱ

ፍቅረማርያም የጽሕፈት መኪናዋን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረና ዳገቱን ቀጠለ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ከተነሳ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። አሮጌዋ ኦሊቬቲ በቆርቆሮ ሣጥኗ ውስጥ ሆና በተራመደ ቁጥር ትንኳኳለች፤ ከኋላው የሚከተለው ሰው ያለ ታስመስላለች። ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አይቷል። ማንም የለም።

ከላይ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው ይወርዱ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ተጣብቆ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ ቀና ሳትል ሣጥኑን አየችው።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ታይፕ ነው።»

«ወደ ላይ?» ሳቀች፤ ሸክሟም አብሯት ተነቃነቀ። «ለጅቡ ማመልከቻ ልትጽፍለት ነው?»

«ጎረቤቱ አስቸግሮት ይሆናል!» አለች ከፊት ያለችው።

ሳቃቸው ቁልቁል ራቀ። እሱም መልስ ነበረው፤ ግን ሁልጊዜ እንደሚሆንበት መልሱ የመጣለት ሰዎቹ ካለፉ በኋላ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ፣ መስከረም 30 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ከታች ከተማዋ የሚሌኒየም ልብሷን ገና አላወለቀችም፤ በየምሰሶው የተጠመጠሙት አምፖሎች በቀን ብርሃን ፈዝዘው ይታያሉ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ አራት ኪሎ ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይዘጋል። ከዚያ በፊት፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ የከተታት ባለ ሦስት ገጽ ይግባኝ የወይዘሮ ሶሬቲ አውራ ጣት አርፎባት እዚያ መድረስ አለባት። ካልደረሰች የሴትዮዋ ቤት ይፈርሳል። ጥፋቱ ደግሞ የማንም አይደለም። የእሱ ነው።

ፍቅረማርያም በሲግናል፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሰማያዊ ጃንጥላ ተጠልሎ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት፣ እዚያ ጃንጥላ ሥር ያስቀመጡት ጋሽ ኃይለ መስቀል ናቸው። ሽማግሌው በጃንሆይ ጊዜ ዳኛ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ መዝገብ ቤት ተጣሉ፤ በዚህኛው ጡረታ ወጡ፤ ቤት መቀመጥ ሲያቅታቸው ኦሊቬቲያቸውን ይዘው አጥሩ ሥር መጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይመታል። አምስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የወይዘሮ ሶሬቲ ጉዳይ አጭር ነበር። ከሟች ባላቸው ጋር እንጦጦ ጫካ ጥግ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት «የደን ክልል ውስጥ ነው፣ ልቀቁ» የሚል ደብዳቤ መጣባቸው። ደብዳቤው የቆመበት ደንብ የመጨረሻ አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ በዚህ ደንብ መሠረት የተሰጠ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ማንኛውም ፍርድ ቤት አይመለከተውም። ወይዘሮ ሶሬቲ ግን ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ በጨዋ ደንብ ነገራቸው። «እናቴ፣ በሩን የዘጋብዎት ሕጉ ነው። ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አይጋጭም ብዬ የምበይንበት ሥልጣን ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ የለም። ያለው ምክር ቤቱ ጋ ነው።»

ወይዘሮ ሶሬቲ ከችሎት ወጥተው በቀጥታ ወደ ጃንጥላው መጡ። «ዳኛ አልችልም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ለወይዘሮ ሶሬቲ ይሁን ለፍቅረማርያም በማይለይ ድምፅ ተናገሩ።

«በጃንሆይ ጊዜ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ነበረው። ከዚህ ሕግ ጋር የሚቃረን ሁሉ ዋጋ የለውም ይላል። ማን ይበለው፣ አይልም። አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንዲህ የመሰለ በር ዘጊ ድንጋጌ ፊቴ መጣ። እኔ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃ ጠጣሁና ቀጠሮ ሰጠሁ።»

«ከዚያስ?» አለ ፍቅረማርያም።

«ከዚያማ ቀጠሮው ሳይደርስ ጃንሆይም፣ ሕገ መንግሥቱም፣ ወንበሬም ሄዱ።» መነጽራቸውን ጠረጉ። «የአሁኑ ማን እንደሚለው ጽፎታል። ዳኛ አይደለም፤ ምክር ቤት ነው። ይሁን። ግን ይኸው ሕግ ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ የማቅረብ መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ ሠላሳ ሰባት። እስቲ አስገባ ወረቀት።»

አቤቱታውን መጀመሪያ የሚያየው ለምክር ቤቱ ጉዳዮችን የሚያጣራው አጣሪ ጉባኤ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን መልስ ሰጠ፦ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም። የቀረው አንድ በር ብቻ ነው፤ ለራሱ ለምክር ቤቱ በስልሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት። ፍቅረማርያም በጉባኤው ውሳኔ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ «እስከ ጥቅምት 6» ብሎ ጻፈና ለወይዘሮ ሶሬቲ ነገራቸው። ስልሳ ቀን፣ ሁለት ወር። የቤት ኪራይ በወር ነው፣ ቀጠሮ በወር ነው፣ ደመወዝ በወር ነው። ጳጉሜንን ማን ይቆጥራታል? በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ከነሐሴ እስከ መስከረም ዕረፍት ላይ ነው። ባለጉዳይ በሌለበት አጥር ሥር ተቀምጦ ዝናብ ለሚያይ ሰው ቀኑ የሚሄድ አይመስልም።

ይግባኙን ፍቅረማርያም ብቻውን ጻፈው፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል ፋይሉን አላዩትም። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ታመው ነበር።

እናም ዛሬ ጠዋት ሻይ ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ አሮጌውን የ1999 ካሌንደር ከግድግዳ አውርዶ «ለታይፕህ መጠቅለያ ይሁንህ» ብሎ ሰጠው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጳጉሜን ነበረች። ስድስት ሣጥን። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ስድስተኛዋም ጭምር። ፍቅረማርያም መጀመሪያ ያያት ሦስተኛዋን ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ያረፉት በዚያች ቀን ነው። ስድስቱንም ቀን እሱ የት እንደነበር፣ ምን እንደበላ አያውቅም። ቀጥሎ ጣቱ በራሷ ጊዜ መቁጠር ጀመረች፤ ከነሐሴ 7 ተነስታ ስልሳ ያለችው መስከረም 30 ላይ ነበር። ደግሞ ቆጠረ። ሻዩን ትቶ ተነሳ።

አሁን በሩ ላይ ደርሷል። የወይዘሮ ሶሬቲ በር ከውጭ በሽቦ ታስሯል።

«የሉም!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ሚልኬሳ የሚባለው የደን ጥበቃ ነው፤ ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ካቦርቱን በዚህ ፀሐይ እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል። «ቅጠል ሊያፍሱ ገብተዋል።»

«የት ጋ?»

«ጫካ ነዋ! እኔ እንኳ ጠባቂው አላውቀውም ሁሉንም።» ቀረብ ብሎ ሣጥኑን አየ። «አንተ ባለ ታይፑ አይደለህ? የሽማግሌው ልጅ?»

«ልጃቸው አይደለሁም። ዛሬ እንዲፈርሙልኝ ነው። ዛሬ ካልሆነ ቤቱ አለቀለት።»

ሚልኬሳ ጢሙን አከከ። «ፊርማቸው ጣት አይደል እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያንተን አትጭንበትም? ጣት ጣት ነው። ማን ያየዋል?»

ፍቅረማርያም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ነው፤ ማንም አያየውም። የማኅተም ቀለሙን ቆርቆሮ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ። ቀለሙ ጥቁር፣ እርጥብ ነው። ግራ አውራ ጣቱን አየ። አሁን ቢጭን በሰባት ሰዓት ፈረንሳይ፣ በስምንት አራት ኪሎ ነው። ጥቅምት 6 ላይ ወይዘሮ ሶሬቲ ሲመጡ «ጨርሼልዎታለሁ» ይላቸዋል። መሳሳቱን ማንም አያውቅም። ይመርቁታል።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ግን የማይለቁት ሥርዓት ነበራቸው። የማይፈርም ሰው ጣቱን ከመጫኑ በፊት ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ይነበብለታል። ከዚያ «የተናገሩት ይኸው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «አይደለም» ካለ፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ እዚያው እንደገና ይመታል። ለዚህ ነው ለፊርማ ሲኬድ መኪናዋ አብራ የምትሄደው፤ አምስት ኪሎም ብትመዝን፣ እንጦጦም ቢሆን። አንዴ ፍቅረማርያም ለአንድ ችኩል ባለጉዳይ ሳያነብ ሊያስፈርም ሲል፣ ሽማግሌው የሰውየውን ጣት ከአየር ላይ ያዙት። «አቤት የሚለው እሱ ነው ወይስ አንተ?» አሉት።

ቆርቆሮውን ዘጋ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሚልኬሳ።

«ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ሳይሰሙኝ ፈረዱብኝ የሚል ነው። እኔው ሳልሰማቸው ልፈርምላቸው?»

ሚልኬሳ «እንግዲህ ጩኸት ይሻላል» አለና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጫካው ተጣራ። «ሶሬቲ ሆይ! ሶሬቲ!»

እየተጣሩ ገቡ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ቀጥ ያለ ግንድ፣ ከጀርባው ሌላ ግንድ። ሚልኬሳ በግራ፣ እሱ በቀኝ ሄደ። የሚልኬሳ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ፍቅረማርያም ብቻውን ቆሞ ሲያዳምጥ ቅጠሉ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከላይ ከላይ፣ ችሎት ሳይሰየም በፊት አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሹክሹክታ። ሰው በሌለበት መጣራት አሳፈረው። ቢሆንም ተጣራ። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት። እንደገና አየ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ከሸለቆው ማዶ ሲፋቅ የሚሰማ ነገር አለ። ወረደ። ወይዘሮ ሶሬቲ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በቅርንጫፍ መጥረጊያ ደረቅ ቅጠል ይከምራሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሲያዩት መጥረጊያውን አቆሙ።

«ልጄ? ምን እግር ጣለህ?» ቀጥለው ፊቱን አዩት። «ጥቅምት ስድስት አላልከኝም?»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበር። ቀኑ ቀደም ተደረገ፣ አዲስ መመሪያ ወጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሁሉም ጠፋበት።

«ተሳስቼ ነው፣ እማማ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ጳጉሜንን ሳልቆጥር ቀረሁ።»

ወይዘሮ ሶሬቲ የከመሩትን ቅጠል አዩት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጥረጊያውን ግንድ ላይ አስደገፉ፣ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈተው ተከናነቡ።

«ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

«ታዲያ ምን ትቆማለህ?» አሉና ቀድመውት ሄዱ።

ቁልቁለቱን እንደ ወጣት ነበር የሚወርዱት። እሱ ሣጥኑን አቅፎ እየተንሸራተተ ከኋላቸው ይከተላል። ሚልኬሳን መንገድ ላይ አገኙት፤ ድምፁ ጠፍቶ በእጁ ብቻ ሸኛቸው።

«ሽማግሌውስ?» አሉ ወይዘሮ ሶሬቲ ሳይዞሩ። «ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው ጣቴን የሚይዙት። ደከሙ?»

«አርፈዋል።»

ቆሙ። «መቼ?»

ላለመናገር ወስኖ ነበር፤ ማመካኛ ይመስላል። አሁን ግን የተጠየቀው ቀኑን ነው። «ጳጉሜን ሦስት።»

ወይዘሮ ሶሬቲ ዞረው አዩት፤ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከነሣጥኑ። መንገዱን ቀጠሉ፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው፣ እሱ ጎናቸው እስኪደርስ ነበር የሚራመዱት።

ፈረንሳይ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ታክሲ የለም፤ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደርሷል። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ብቻ ባዶውን ቆሞ፣ ሾፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፏል። ከማለዲን ነው፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል አንዴ የመንጃ ፈቃድ አቤቱታ ጽፈውለት ያውቃሉ።

«ከማል፣ አራት ኪሎ አድርሰን።»

«ዛሬ በቃኝ። ረመዳን ሊያልቅ አንድ ቀን ቢቀረው ነው፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ልተኛበት።» ቀና አለ። ሣጥኗን አወቃት። «የጋሼ ታይፕ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ካልደረስን የእማማ ቤት ይፈርሳል።»

«ግቡ! ግቡ በሉ!» ሞተሩን አስነሳ። ሰልፈኛው ጮኸ። «ኮንትራት ነው! ኮንትራት!» ብሎ ከማለዲን ጮኸባቸው። «ዕድላቸው ነው ጾመኛ መሆኔ፤ እሰድባቸው ነበር።»

ፍቅረማርያም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይግባኙን ማንበብ ጀመረ። አመልካች፣ ተጠሪ፣ አንቀጽ ዘጠኝ፣ አንቀጽ ሠላሳ ሰባት። ወይዘሮ ሶሬቲ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጨረሰ።

«የተናገሩት ይኸው ነው?» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«አይደለም።»

ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት። «ምን ጎደለው?»

«መጨረሻው ላይ ቤቴን ስጡኝ ነው የሚለው። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ምናልባት ቤቱ አይገባኝም ይሆናል። እኔ ያልኩት፣ ቢፈርዱብኝም ሰምተውኝ ይፍረዱብኝ ነው። እሱን ለሽማግሌው ነግሬያቸው ነበር።»

ፍቅረማርያም ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አየው። አንቀጹ ሁሉ አለ። የእሳቸው ቃል ብቻ የለም። ሣጥኑን ከፈተ፣ ኦሊቬቲዋን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ የመጨረሻውን ገጽ አስገባ።

«ከማል፣ ልመታ ነው።»

«ከማን ጋር ልትማታ ነው?»

«ታይፕ!»

«እ! ጉድጓድ ሲመጣ እጠራልሃለሁ። ምታ… ምታ… ጉድጓድ!» ፍሬን ያዘ። «አለፈ፣ ምታ!»

እንዲህ እየሆነ፣ ፊደል በፊደል፣ ግንፍሌ እስኪደርሱ አንዷ መስመር ተጻፈች። ፍቅረማርያም አነበበላቸው።

«ነው» አሉ ወይዘሮ ሶሬቲ። ግራ እጃቸውን ሰጡት። አውራ ጣታቸው ሻካራ ነበር፤ በባሕር ዛፍ ሙጫ የተሸፈነ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረገው፣ ቀለሙ ላይ አሳረፈው፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሲይዙ እንዳየው፣ ከሥሩ ደግፎ ያዘው።

ጽሕፈት ቤቱ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት ነበር። ተቀባይዋ ወጣት ሴት ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አውጥታለች። የጉባኤውን ውሳኔ ቀን አየች፣ የግድግዳውን ካሌንደር አየች።

«ጠበቃቸው ነዎት?»

«አይደለሁም። ጸሐፊያቸው ነኝ።»

«ነሐሴ 6 ነው የደረሳችሁ…» እስክሪብቶዋን አንስታ መቁጠር ጀመረች። «እስከ ነሐሴ ሠላሳ ሃያ አራት። ያለፈችው ጳጉሜን አምስት ነበረች፣ ስድስት?»

«ስድስት» አለ ፍቅረማርያም።

«ስድስት። ጳጉሜን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ወይዘሮ ሶሬቲ እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ። ቆጠራው እስኪያልቅ አላነሱትም።

«…ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ስልሳ!» አለች ልጅቷ፤ የተገረመች ትመስላለች። «ልክ ዛሬ። ለጥቂት እኮ ነው።» ገጾቹን ገለጠች። «ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ምነው ተጣመመች?»

«መንገዱ ነው።»

ማህተሙን አነሳች። ሦስት ጊዜ መታች፤ ግልባጩ ላይ ደግሞ አንዴ። ወይዘሮ ሶሬቲ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ልጄ፣ ይሄን የሚያዩት ዳኞች ናቸው?»

«አይደሉም፣ እናቴ። የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ናቸው።»

«ይሰማሉ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ልታነሳ ብላ ተወችው። «ይነበባል» አለች ቀስ ብላ። «ሲወሰን ይጠራሉ። ጊዜ ይወስዳል።»

ውጭ ሲወጡ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ከማለዲን ለማፍጠር ወደ ቤቱ ከንፏል። ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ታክሲ ተገኘ፤ ወይዘሮ ሶሬቲ አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞሩ።

«ጥቅምት ስድስት እመጣለሁ።»

«ለምን፣ እማማ? ጨረስን እኮ።»

«ቀን ሰጥተኸኛል አይደል?» አሉ። «የሽማግሌው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል አሁን?»

ፍቅረማርያም በየጠዋቱ ሁለቱንም ወንበሮች ከሻይ ቤቱ ጓዳ እንደሚያወጣ፣ ማታም ሁለቱንም እንደሚያስገባ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

«ማንም።»

«እንግዲያው» አሉ። ወያላው በሩን ዘጋው።

ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሲግናል በእግሩ ተነሳ። የመንገዱ አምፖሎች አንድ በአንድ ይበሩ ጀመር። መብራት ሥር ቆሞ በእጁ የቀረውን ግልባጭ ከፈተው። ማህተሙ ላይ መስከረም 30 ይላል። አብሮት በያዘው የጉባኤው ውሳኔ ጠርዝ ላይ ደግሞ በቀይ የጻፈው «እስከ ጥቅምት 6» እንዳለ አለ። ሊሰርዘው እስክሪብቶውን አወጣ። ትንሽ አየው። ሳይሰርዘው አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።